የጅቡቲው ዋጋ

ያን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ በእጄ፣
ከጉምሩኩ በር ማዶ ጠረጴዛ ይዤ።
የመኪናው ዓይነት ቪትዝ፣ ቀለሙ ብርማ፤
የሻንሲውን ቁጥር ሳነበው ሲሰማ
ሙሄ ልብስ ሰፊው በጣቱ ሲቆጥር
እንደ ልጁ ስም ነው የያዘው ያን ቁጥር።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሸርፍ ተራ ቁጭ ብሎ
ሱሪ እያሳጠረ፣ ኮት ገልብጦ ቀጥሎ፣
ባጠራቀማት ሄደ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ፣
ከመርፌ በስተቀር የማያውቅ ልብስ ሰፊ።
ጨዋማው ነፋስ ላይ፣ ከመኪኖች መሐል
የአንዷን በር ከፍቶ ገብቶ ይቀመጣል።
«ስንት ናት?» ሲል ነገሩት። ክው አለ፣ ደነገጠ፣
ከዋጋው መርከስ የተነሣ።

«እዚያ ማዶ» አለኝ «የአንድ ሱቅ ዋጋ ናት፤
ወዲህ ስትሻገር ፎቅ ሆና አገኘኋት።
በረሃው ያው በረሃ፣ ግራሩም ያው ግራር፣
በዚያም በዚህም ያለው ያው ዘመዳሙ አፋር፤
ገመዷ ከፍ አለች፣ ጎማው ሦስቴ ዞረ፣
ዋጋዋም ሦስት እጥፍ ሆኖ ተቆጠረ።»

ምን ልበለው? ደምሬ ወረቀቱን ሰጠሁት።
ቀረጡ በዋጋው ላይ፣ ኤክሳይዝ በቀረጡ፣
ቫት በሁለቱ ራስ ላይ፣ ሱር ታክስ አስከትለው
እንደ ሐረጎ መንገድ ተጠማዘው ወጡ።
ሐረጎስ ጫፍ አለው፤ መጨረሻው ደሴ ነው፤
የዚህ መጨረሻ ሌላ አንድ መስመር ነው።

ከሁሉ ያልገባው ግን በአሮጌ ላይ መብዛቱ፦
«እኔ ያረጀ ኮት ስጠግን በግማሽ ነው» አለ።
«የዕድሜ ነው» አልኩት፣ «መኪና ሲያረጅ ኤክሳይዙ ከፍ ይላል።»
ሽበቱን ዳሰሰ።
«አልሐምዱሊላህ፤ ስመለስ እኔን አልተመኑኝም።»

ደረቅ ወደብ ይሉታል። ማዕበሉ አቧራ ነው።
ቪትዟ እዚያ ቆመች፣ መልሕቅ ሳይጥሉባት።
የማቆሚያው ኪራይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይወልዳል፤
ሙሄ በየሐሙሱ በሚኒባስ ይወርዳል፤
በሽቦው አጥር ላይ ግንባሩን አስጠግቶ
«የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ» ይለኛል፤
እንደ በሽተኛ ጠያቂ ቆሞ፣
ደግሞ ቆሞ፣
ዳገቱን ይመለሳል።

አንድ ቀን ዘበኛው አራጋው ዞር አለለት።
ሙሄ ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውርዶ
ወንበሯን ለካ፣ መደገፊያዋን ለካ፣ በብጣሽ ካርቶን ጻፈ።
በሳምንቱ ሰፍቶ ጨረሰ፦
ግራጫ ቆዳ፣ ዳር ዳሩን ቀይ ክር።
«አብደሃል?» ብለው
«ዕዳዋን ባልችል ልብሷን እችላለሁ» አለኝ።

ከዚያ ሐራጁ ወጣ። ከበሩ ላይ ለጠፉት።
ያንን ቁጥር አየሁት፣ እንደ ልጅ ስም ያለውን።
አምስት ቀን አልነገርኩትም። በስድስተኛው
«ዐውቄያለሁ» አለኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

በጥቅምት ነው። ሱሪዬን ሊያሳጥርልኝ ሰጥቼው
ሸርፍ ተራ ተቀምጫለሁ፣ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
አንድ ጎረምሳ ገባ፣ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ።
«የወንበር ልብስ ትሠራለህ?»
«መኪናዋ?»
«ቪትዝ። ከሐራጅ ያነሣኋት።»
«ብርማ?»
«ብርማ። በምን ዐወቅህ?»

ሙሄ ሜትሩን አልነካም።
ከመደርደሪያው ጫፍ፣ ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ አውጥቶ፣
አራግፎ፣ መንገድ ዳር የቆመችዋን በር ራሱ ከፍቶ
አለበሳት። ልክክ አለ። አንድ ጣት እንኳ አልተረፈም።

ጎረምሳው ሳቀ፤ ኪሱን ዳበሰ። «ስንት ነው?»
ሙሄ ከመሪው ኋላ ትንሽ ቆየ፣ እጁን ሳያነሣ።
«ስንት ልክፈል፣ ጋሼ?»

«የጅቡቲውን ዋጋ» አለው።